«ብሎኬት» ያሉት ጭንቅላቴ

ጭንቅላቴን አሥራ አራት ዓመት አከራይቼ ነው የኖርኩት። አትሳቁ። ሌላው ሰው ጉልበቱን ይሸጣል፣ ምላሱን ይሸጣል፤ እኔ ግንባሬን ሸጥኩ። የመሐል ተከላካይ ነበርኩ። ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ተነስቼ በአራት ክለብ ተጫውቻለሁ፤ ብሔራዊ ቡድንም አንዴ ተጠርቼ ወንበር አሙቄ ተመልሻለሁ። ደጋፊው ሰይድ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ብሎኬት» ነበር የሚለኝ። ኳስ ከላይ ሲመጣ አጥቂው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ዓይኔን ገልጬ እገባበታለሁ። ቴስታ የኔ ሥራ ነበር። በዚያ ቴስታ ሐይቅ ላይ ቤት ጀመርኩ፣ ባጃጅ ገዛሁ፣ ሚስት አገባሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለፉከራ አይደለም። የሰፈራችሁ ልጅ ራሱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ሲል ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት ነው። እኔም ደህና ነኝ እል ነበር። ደህና ነኝ እያልኩ ቤቴን አፍርሼ ሰው ልገድል ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ገንዘቡን ስለሆነ እሱን ልጨርስላችሁ። የፊርማ ገንዘብ የሚባል ነገር አለ። ክረምት ላይ ክለቡ ያስፈርምህና በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ይሰጥሃል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዙ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ስለዚህ ተጫዋች የሚኖረው ለሚቀጥለው ፊርማ ነው። የተጎዳን ደግሞ ማንም አያስፈርምም። እናም ጉዳት ይደበቃል። አፍንጫዬ ሁለቴ ተሰብሯል። አንድ አጥቂ በክርኑ የፊት ጥርሴን አውልቆ ሣሩ ላይ ጥሎታል፤ አንስቼ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ጨዋታውን ጨረስኩ። ቅንድቤ ተተርትሮ በእረፍት ሰዓት ያለ ማደንዘዣ ተሰፍቶልኝ ተመልሼ ገብቻለሁ። ዞሮብኝ ስወድቅ የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ ይመጣል፣ ውኃ ያፈስብኛል፣ ጣቱን ቀስሮ «ስንት ነው?» ይለኛል። ምንም ሳይታየኝ «ሁለት» እላለሁ። የሚያሳየው ሁልጊዜ ሁለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔም መልአክ አልነበርኩም። የሰው መንጋጋ ሰብሬአለሁ። ክርን ላቀመሰኝ ጉልበት አቅምሻለሁ። ያው ሥራ ነው፣ ከሜዳ ስንወጣ እንተቃቀፋለን።

ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ቤቱ ግማሹ በኔ ግንባር፣ ግማሹ በሷ ክንድ ነው የቆመው። ልጃችን ኢክራም ስድስት ዓመቷ ነበር። ባጃጄን ራሴ እየነዳሁ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ሰው አመላልሳለሁ። አልሀምዱሊላህ፣ ጥሩ ኑሮ ነበር።

ያለፈው አረፋ ሰሞን የሐይቅና የአምባሰል ወጣቶች ግጥሚያ አዘጋጁ። ሽልማቱ ሰንጋ ነው። «ብሎኬት ሳይገባ የምን ግጥሚያ!» ተባልኩና ገባሁ። በአምባሰል በኩል ደግሞ የውጫሌው ጌታቸው ተሰልፏል። ጌታቸው ትልቅ ክለብ የነበረ አጥቂ ነው፤ በሊግ ስንት ዓመት ስንቧቀስ የኖርን ሰዎች ነን። መሐሉ ላይ አንድ ኳስ ከማእዘን ተሻማ። እሱም ዘለለ፣ እኔም ዘለልኩ። ግንባርና ግንባር ተገናኘ። ድምፁ ሜዳው ዳር ድረስ ተሰማ ይላሉ፤ እኔ አልሰማሁም። ዓይኔን ስገልጥ አፌ ውስጥ አፈር አለ፣ ጌታቸው ከጎኔ ተዘርሮ ቅንድቡ እንደተከፈተ ቧንቧ ደም ይተፋል። ተነሳሁ። ጨዋታውን ጨረስኩ። ሰንጋውንም ወሰድን።

ከዚያ ረሳሁት። ወላሂ፣ ከልቤ ነው የረሳሁት። ተከላካይ በቴስታ ሲጋጭ «ተመታሁ» አይልም። ዳቦ ጋጋሪ እሳት ነካኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል?

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ስነሳ ይብሳል፣ ያስታውከኛል። በኳሱ ዘመን የለመድነውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንደ ቆሎ ቃምኩት። አልተወኝም። እዚያው ሐይቅ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱና ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ አሉኝ። በኛ አገር ራሱን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ ታይፎይድ ነው። መርፌውን ጨረስኩ፣ ራስ ምታቱ ግን አላለቀም። ሌላ ዘንድ ሄድኩ፣ ሳይነስ ተባልኩ። ሌላው ዓይንህ ነው ብሎ መነጽር አሸከመኝ። ራስህን ተመትተህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቀኝም አይ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ውኃ ሙላት እያሳሳቀ። መናኸሪያ ላይ አንድ ተሳፋሪ በሒሳብ ተከራከረኝ። ሌላ ጊዜ ብሆን ቀልጄ እሸኘዋለሁ። ያን ቀን አንገቱን ይዤ ጭንቅላቱን ከባጃጁ ብረት ጋር አጋጨሁት፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ። ሰው ሲያላቅቀን ሰውየው ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጣቢያ ሄጄ በሽማግሌ ታረቅን። ጓደኞቼ «ተከላካይነቱ አልለቀቀውም» ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤት ውስጥ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። የበር ድምፅ ያናድደኛል። የሰው ማኘክ ያናድደኛል። ሬድዮኑን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ዘሀራ ዝም ስትል ዝምታዋ ያናድደኛል፣ ስትናገር ንግግሯ።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ኢክራም ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ ታንኳኳለች። ልጅ ናት፣ ትጫወታለች። ያ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ሚስማር መታ። ሳህኑን አንስቼ ወረወርኩት። ዘሀራ ልጇን ልትከልል ስትነሳ ሳህኑ ትከሻዋ ላይ ተሰበረ። «ሰይድ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው!» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። እጄ ጉሮሮዋ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ታላቅ ወንድሜ አያ ሁሴን ከጎረቤት ሮጦ መጥቶ ከኋላዬ ሲያንቀኝ ነው። ዞርኩበት። አግዳሚ ወንበር አንስቼ ጎኑን አልኩት፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ጎረቤት ተረባርቦ ጣለኝና በአህያ መጫኛ አሰረኝ። እዚያ ተጋድሜ ቀና ስል ኢክራም ጥግ ላይ ቆማ አየኋት። ሁለት ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋለች። አታለቅስም፣ ዝም ብላ ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

ዘሀራ ያንኑ ቀን ልጇን ይዛ አባቷ ቤት፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ገባች። ሽማግሌ ላክሁ። የመለሰችው ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሕመም ከሆነ በጀርባዬ አዝዬው አገር ላገር እዞራለሁ። ጠባዩ ከሆነ ግን ኒካዬን ፍቱልኝ፤ ልጄ የሰው ገዳይ ልጅ አትባልም።» አማቴም ሽማግሌዎቹም ጉዳዩን ለመቁረጥ የሚቀመጡበትን ጁምዓ ወሰኑ።

ሕመም ነው ወይስ ጠባይ? ማን ይወቅ? እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ በመማታት እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ስማታ «ታሞ ነው» የሚለኝ ማን ነው?

የሰፈር ሰው መቼም መድኃኒት አያልቅበትም። ጂን ነው ተባለ። ሸህ ይማም መጥተው ቁርአን ቀሩልኝ፣ ዱአ አደረጉልኝ፤ ድምፃቸው አሳረፈኝ፣ ተኛሁ። «አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል፤ ግን ሐኪሙንም አትተው» ብለውኝ ሄዱ። ዘመዶቼ ግን ከሩቅ አንድ ጂን አወጣለሁ ባይ አመጡ። አለንጋ ይዞ መጥቶ «ውጣ! ስምህን ተናገር!» እያለ ጀርባዬን ይተለትለው ጀመር። ብሎኬት ነኝ አልኩት። አለንጋውን ቀምቼ በር እስኪጠፋው ገረፍኩት። ገንዘቡን ተቀብሎ ስለነበር ዞሮ አላየንም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይኸው ነው።

ጁምዓው ሲቃረብ ግራ እግሬ ይጎተት ጀመር። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ እየወለቀ ይቀራል። ሁሴን ያንን አይቶ፣ የሰበርኩትን ጎኑን በእጁ ደግፎ፣ ደሴ ሆስፒታል ወሰደኝ። ወንድሜ እንዲህ ነው፣ ሲናደድም ያዝንልሃል።

የተመላላሽ ታካሚ አዳራሹን ታውቁታላችሁ። ወንበሩ ለአሥር ሰው ተሠርቶ ሠላሳ ሰው ይቀመጥበታል፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ያስላል፣ ካርድ የያዘ ሁሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል። ወረፋዬ ደርሶ አንዲት ወጣት ዶክተር ዘንድ ገባሁ። ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። «ራስህን ተመትተህ ታውቃለህ? ወድቀህ፣ ወይ ተጋጭተህ?»

«አይ፣ ምንም» አልኩ።

«እግርህስ?»

«ያረጀ የኳስ ጉልበት ነው፣ ተይው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ እየደበቅሁ መሆኔን እንኳ አላውቅም ነበር፤ አፌ ለወጌሻው «ሁለት» ማለት የለመደ አፍ ነው። ዶክተሯ ደም አሠርተህ ተመለስ ብላ አስወጣችኝ።

ውጤት እየጠበቅን ተቀምጠን ሳለ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጌታቸው! መታመሜን ሰምቶ ሐይቅ ቤቴ ሊጠይቀኝ ሄዶ፣ ደሴ ነው ሲሉት አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ተከትሎኝ መጥቷል። ወሎ ውስጥ የታመመ ካልጠየቅህ ሰው አይደለህም፤ ባላንጣህም ቢሆን። ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ብሎኬት! ምነው፣ ተሰነጠቅህ እንዴ?»

ቀልድ ነው። ዕድሜ ልካችንን የተቀላለድነው ቀልድ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተወርውሬ ኮሌታውን በቀኝ እጄ ጨመደድኩት፣ ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት። ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ሴቶች ጮኹ። አገጩን ላፈርሰው ግራ ቡጢዬን ሰነዘርኩ። ቡጢው አልመጣም። ክንዴን ዞሬ አየሁት። እንደ ረጠበ ፎጣ ተንጠልጥሏል። አዘዝኩት፣ እምቢ አለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

ዶክተሯ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ጥበቃዎች ይዘውኛል። ፊቴን አየችው፣ ክንዴን አየችው። «ግራ እጅህን አንሳ እስቲ» አለች። አልተነሳም። «ሳቅ በልልኝ።» ያን ጊዜ ማን ይስቃል? ጥርሴን ሳሳያት አፌ ወደ አንድ ጎን ሄደ።

ጌታቸው ኮሌታውን እያቃና «ዶክተር፣ እባክሽ አትቀየሚው፤ ግንባሬን ሰጥቼው ብድሩን እየመለሰ ነው» አለና ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያት። «ይኸው፣ አረፋ ሰሞን ተላትመን ሁለታችንም ራሳችንን ስተን ነበር።»

እሷ ወደኔ ዞረች። «ራሴን አልተመታሁም አላልከኝም?»

«አልተመታሁም» አልኳት፣ እውነቴን ነው። «ቴስታ ተጋጨን እንጂ።»

ወዲያው «ባለ ጎማ አልጋ አምጡ!» ብላ ጮኸች።

ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ያው የጭንቅላትን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ዶክተሯ ለሁሴንና ለኔ በጣቷ እያሳየች አስረዳችን። በራስ ቅሌና በአንጎሌ መሐል ደም ተጠራቅሟል። ከግጭቱ በኋላ ጠብ ጠብ እያለ ሲከማች የከረመ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመሰለ ደም። አንጎሌን ወደ ጎን ገፍቶታል። ሳላማክር የቃምኩት ክኒን ደም የሚያቀጥን ዓይነት ስለነበር ይበልጥ አድምቶኛል። ሳይቆይ ካልወጣ ይገድላል አለች። ሁሴን ከምንም በፊት የጠየቃት አንድ ነገር ነው። «ጠባይ ይለውጣል?» «በጣም» አለችው። ወንድሜ ጎኑን ይዞ አለቀሰ።

ያኔውኑ ባጃጇን ደውሎ ሸጣት። በጭንቅላቴ የገዛኋትን ለጭንቅላቴ ከፈልኳት። ሁሴን ጎኑ ስላላስቻለው ጌታቸው «እኔ አድራለሁ፣ አንተ ሂድ» አለውና አልጋዬ ሥር ካርቶን አንጥፎ ተጋደመ። ልደበድበው የነበረ ሰው ውኃ በማንኪያ አጠጣኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሞቱን ፈርቼዋለሁ፣ አልዋሽም። ከሞቱ ይበልጥ የፈራሁት ግን ደሙ ወጥቶ፣ ተሽሎኝ፣ ያው ሰውዬ ሆኜ መነሳትን ነው። ያኔ ምን ብዬ አመካኛለሁ? ጌታቸውን ቀስቅሼ ይህንኑ ነገርኩት። «ተኛ አቦ» አለኝ። «አንተ ሜዳ ላይ ክፉ ነህ፤ ከሜዳ ውጭ ግን በግ ነበርክ። እኔ አውቅሃለሁ።»

ጠዋት ሁሴን ነግሯት ዘሀራ መጣች። አልጋው እግርጌ ቆመች፣ እጄ የማይደርስበት ቦታ። ሻሿን ወደ አንገቷ ስታደርግ የጣቶቼን ምልክት አየሁት፤ ገና አልጠፋም ነበር። የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ፈረመች፣ «አላህ ያውጣህ» አለች፣ ወጣች።

ፀጉሬን ላጩኝ። የራስ ቅሌን በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍተው ደሙን አፈሰሱት። ስነቃ ጭንቅላቴ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው። ሰው ይንጫጫል፣ ብረት ይንኳኳል፤ አንዱም አያናድደኝም። ግራ እጄን አዘዝኩት። ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ዘሀራ ዶክተሯን የክፍሌ በር ላይ ስታናግራት ሰማኋት። «ንገሪኝ፣ ያ ሁሉ ከደሙ ነው?»

ዶክተሯ አልዋሸቻትም። «እንዲህ ያለ ደም ሰውን ይለውጣል፣ ያስቆጣል። ስንቱ የደሙ፣ ስንቱ የሱ እንደሆነ ግን ፎቶው ላይ አይታይም።»

«እንግዲያው እኔ አየዋለሁ» አለች ዘሀራ።

ጁምዓው ደርሶ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ኒካውን አልፈቱም፣ አላጸኑትምም። «ይታይ» አሉ። እኔ ሁሴን ቤት ልኖር፣ እሷ አባቷ ቤት፤ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ሄጄ ልጄን ላይ። እሺ አልኩ።

ራሴ ዳነ። እግሬም እጄም ተመለሱ። ዶክተሯ ኳስ በጭንቅላት መንካት ዕድሜ ልክህን የለም ብላኛለች። የሁሴን ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ነው፤ ደንበኛ ሲጨቃጨቀኝ ወጣ ብዬ አየር እወስዳለሁ፣ ተመልሼ እመዝንለታለሁ። ያልዳነው አርዲቦ ነበር። ኢክራም ስታየኝ ከእናቷ ኋላ ትገባለች። አንዴ ኮፍያዬን ላቃና እጄን ባነሳ ሁለት ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። ያ ክንድ ከመሰርሰሪያው ይበልጥ አመመኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ግቢ ስገባ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መቀመጥ ለመድኩ። ሻይ ሲሰጡኝ ብቻ ቀስ ብዬ አወጣለሁ። አማቴ ይህን ያያሉ።

በቀደም ጁምዓ እንደ ልማዴ እጄን ኪሴ ከትቼ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ኢክራም ከጎረቤት ልጆች ጋር የፕላስቲክ ኳስ ትራገጣለች። አንድ ጊዜ ባላት ኃይል ጠለዘችው። ኳሱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ግንባሬ መጣ። ዘሀራ ከቤት ውስጥ «ራስህን!» ብላ ጮኸች። አሥራ አራት ዓመት የለመደ ገላዬ ብድግ ብሏል፣ አንገቴ ለቴስታ ተወጥሯል። በመጨረሻዋ ቅጽበት እጆቼ ከኪሴ ወጡና ፊቴ ላይ ያዙት።

ሁለት እጄ ወደ ላይ ተነስቶ ቆሜያለሁ። ለማውረድም ፈራሁ። ቀስ ብዬ ኢክራምን አየኋት።

ክንዷ ፊቷ ላይ አልነበረም። ጣቷን ቀስራብኛለች።

«በእጅ ነካ! በእጅ! አየሽ እማ፣ በእጁ ነካ! ፔናሊቲ!»

በኳስ ዘመኔ ያልተጨቃጨቅሁት ዳኛ የለም። ለዚህችኛዋ ግን አንድ ቃል አልመለስኩም። ኳሱን አስረከብኳት። ጫማህን አውልቅ አለችኝና አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አስቀምጣ ግብ ሠራች። መሐሉ ላይ በባዶ እግሬ አቆመችኝ። ዘሀራ በሩን ተደግፋ ታየናለች። ኢክራም ኳሱን አስተካክላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ለመምታት ተንደረደረችና ድንገት ቆማ ተቆጣችኝ።

«እጅህን ዘርጋ እንጂ አባ!»

ዘረጋሁ።